ከአንታርክቲካ መዝገብ እስከ ኮዬ ፈጬ ስልክ

አንድ የድሮ መጽሐፍ ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ ስለተጫነ ብቻ ለሕዝብ ተከፈተ ማለት አይቻልም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፉን በስልኳ ፈልጋ ካላገኘችው፣ ብታገኘውም የሞባይል ዳታዋ ካልቻለው፣ ቢችለውም ውስጡ ያለውን ቁጥር አውጥታ ልትሠራበት ካልቻለች መጽሐፉ ከአንድ መጋዘን ወደ ሌላ መጋዘን ተዛወረ እንጂ አልተከፈተም። ይህን ጉዳይ በደንብ የሚያሳየን ከእኛ በጣም የራቀ የሚመስል ዘርፍ ነው፤ የምድር ዋልታዎች ሳይንስ። እዚህ ከተማ ዳር ሆነን ስለ አንታርክቲካ ወረቀት የምንጨነቅበት ምክንያት አለን፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአየር ንብረት ተለወጠ ለማለት መጀመሪያ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ሳተላይቶች የዋልታውን የባሕር በረዶ ያለማቋረጥ መከታተል የጀመሩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ ያለው ወረቀት ላይ ነው፦ በመርከብ መዝገቦች፣ በጉዞ ዘገባዎች፣ ወፍራም ቅጽ ሆነው በታተሙ የልኬት ሰንጠረዦች፣ ተጣጥፈው መጽሐፍ ውስጥ በገቡ ካርታዎች። እነዚያን ወረቀቶች የሚተካ መሣሪያ የለም፤ የ1882ን ክረምት ተመልሶ ሄዶ የሚለካ ሰው አይገኝምና።

1882ን የጠቀስኩት ያለምክንያት አይደለም። ካርል ቫይፕሬክት የሚባል የኦስትሮ-ሃንጋሪ የባሕር ኃይል መኮንን ከ1872 እስከ 1874 በተደረገው ጉዞ መርከቡ በአርክቲክ በረዶ ተይዛበት ከቆየ በኋላ፣ ሲመለስ በዘመኑ የነበረውን አካሄድ በግልጽ ነቀፈ። አገሮች ማን ወደ ዋልታው ይበልጥ ይጠጋል እያሉ ይሽቀዳደማሉ፤ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜና በራሱ መሣሪያ ስለሚለካ የአንዱ ውጤት ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። መፍትሔው በብዙ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ዘዴ መለካት ነው አለ። እሱ በ1881 ቢሞትም ሐሳቡ አልሞተም፤ ከ1882 እስከ 1883 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት ተካሄደ። ከ10 በላይ አገሮች አብዛኞቹን ጣቢያዎች በአርክቲክ ዙሪያ፣ ሁለቱን ደግሞ ወደ ደቡብ ተክለው ሙቀትን፣ የአየር ግፊትን፣ ነፋስን፣ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይልና አውሮራ የተባለውን በዋልታ ሰማይ ላይ የሚታይ ባለቀለም ብርሃን በየሰዓቱ መዘገቡ።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። በአዶልፈስ ግሪሊ ይመራ የነበረው የአሜሪካ ቡድን 25 ሰዎች ነበሩት፤ የመልስ መርከብ ሳይደርስላቸው ቀርቶ በረሃብና በብርድ አልቀው በሕይወት አገራቸው የገቡት 6 ብቻ ናቸው። መዝገቦቹ ግን ተረፉና በ1888 ታተሙ። ከሞቱት መካከል ሁለት የግሪንላንድ ተወላጆች፣ የንስ ኤድዋርድና ፍሬድሪክ ክርስቲያንሰን ይገኙበታል። እንደነሱ ያሉ አዳኞችና የውሻ ጋሪ ነጂዎች ስማቸው በድሮ መጻሕፍት መሐል ተቀብሮ ይቀራል። ጽሑፉ በቃል የሚፈለግ ከሆነ ግን ስማቸው ጎልቶ ይወጣል፤ ለእኔ ይህ አንዱ ትልቅ ትርፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። እያንዳንዱ አገር ውጤቱን በየራሱ ቋንቋ፣ በየራሱ ማተሚያ ቤት አሳተመ። ሥራውን ያስተባበረው ኮሚሽን ተበተነ። ቫይፕሬክት የፈለገው ልኬቶቹ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ነበር፤ ቅጾቹ ግን በየአገሩ መደርደሪያ ተበታትነው ተቀመጡ። የዚያን ዓመት የአየር ሁኔታ ልኬቶች በአንድነት መርምሮ ከዛሬው ጋር ያነጻጸረ ሥራ የወጣው በ2000ዎቹ ነው፤ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም፣ ኖኣ፣ ቅጾቹን ወደ ዲጂታል ከቀየረ በኋላ። ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት ማለት ነው። ያዘገየው ደግሞ የልኬት ጉድለት ሳይሆን ቁጥሮቹን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማምጣት አለመቻሉ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ግን የኦዞን ታሪክ ነው። ብሪታንያ በአንታርክቲካ ሃሊ በሚባለው ጣቢያዋ ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ጀምራ ከጣቢያው በላይ ያለውን የኦዞን መጠን ታስለካ ነበር። ኦዞን ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር የሚከላከልልን ጋዝ ነው። ልኬቱ በእጅ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ወረቀቱ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይላካል፤ እዚያም ይከመራል። በ1977 ጆናታን ሻንክሊን የሚባል ወጣት በብሪታንያ አንታርክቲክ ሰርቬይ ሲቀጠር ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ይህን የተጠራቀመ ወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር። ማንም ተሽቀዳድሞ የሚወስደው ሥራ አይደለም። ቁጥሮቹ ገብተው ሲያልቁ ግን በየዓመቱ በኦክቶበር ወር፣ የደቡብ ዋልታ ጸደይ በሚሆንበት ጊዜ፣ ኦዞኑ እያነሰ መሄዱ ታየ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ 300 ዶብሰን (የኦዞን መጠን የሚለካበት አሃድ) ገደማ የነበረው በ1984 ከ200 በታች ወርዷል። ጆሴፍ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ሻንክሊን ውጤቱን በሜይ 1985 አሳተሙ። ኦዞንን የሚበሉ ኬሚካሎችን ለመገደብ የሞንትሪያል ስምምነት የተፈረመው በ1987 ነው። በወረቀትና በስምምነት መካከል የቆመው አንድ መረጃ አስገቢ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ልኬቱ ብቻውን በቁም ሳጥን ተቀምጦ ማንንም አያስጠነቅቅም።

ፊልምም እንደዚሁ ነው። በ1970ዎቹ ከአውሮፕላን በራዳር የአንታርክቲካን በረዶ ውስጡን ያዩ ተመራማሪዎች ምስሉን በፊልም ጥቅል አስቀርተው ነበር። ጥቅሎቹ ካምብሪጅ ተቀምጠው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ሲቃኙ፣ በምዕራብ አንታርክቲካ ያለው የትዌይትስ በረዶ ከሥሩ ምን ያህል እንደሳሳ ከቅርብ ዓመታት ልኬት ጋር ማነጻጸር ተቻለ።

አሁን ወደ እኛ። ሁለተኛው የዋልታ ዓመት ከ1932 እስከ 1933 ተካሄደ። ሦስተኛውን በ50 ዓመት ሳይሆን በ25 ዓመት እናድርገው የሚል ሐሳብ በ1950 ተነሣና እየሰፋ ሄዶ ምድርን በሙሉ የሚያካትት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሆነ፤ ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958። ኢትዮጵያ የገባችው እዚህ ላይ ነው። በእኛ 1950 ዓ.ም. ገደማ፣ በዚሁ ዓመት ምክንያት፣ በያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። አዲስ አበባ የተመረጠችው ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ቀን ቀን ከምድር ወገቡ በላይ የሚፈስ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ በዋልታዎቹ ዙሪያም ከአውሮራው ጋር የሚፈስ ሌላ አለ። የፀሐይ ማዕበል ምድርን ሲመታ ሁለቱም ጋ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ሥዕሉ አይሞላም። ስለዚህ በአዲስ አበባ የተመዘገበው መሥመር የዋልታው መዝገብ ጥንድ ነው። ያን ጊዜ ልኬቱ ይጻፍ የነበረው በሚንቀሳቀስ ብርሃን በፎቶ ወረቀት ላይ ነበር፤ የፎቶ ወረቀት ደግሞ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ኦብዘርቫቶሪውን የመሠረተው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አጥንቶ በ1979 ሲያሳትም፣ መሣሪያ ያልነበረበትን ዘመን የሞላው ዜና መዋዕሎችንና የመንገደኞችን ማስታወሻ እየፈተሸ ነው። የድሮ ጽሑፍ ለሳይንስ ምን እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ የአገር ውስጥ ምሳሌ አላውቅም።

እንግዲህ ሥራው ራሱ እንዴት ነው የሚሠራው? መጀመሪያ ወረቀቱ ነው። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ዛሬም ይገለጣል፤ የ1890ዎቹ መጽሐፍ ግን ገጹን ስታዞሩት ይሰበራል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ወረቀት ከእንጨት በርካሽ መሠራት ሲጀምር ቀለም እንዳይመጠው የሚቀባው ነገር አሲድ ነበረበት። አሲዱ የወረቀቱን ቃጫ ከውስጥ ይቆራርጠዋል፤ ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑለታል። መጨረሻ ላይ ጠርዙ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። አብዛኛው የዋልታ ሳይንስ ጽሑፍ የታተመው ደግሞ በዚሁ ዘመን ነው። ስለዚህ መጽሐፉን 180 ዲግሪ ገልጦ መስተዋት ላይ መጫን ጀርባውን መስበር ነው፤ በደንብ የሚሠሩ ሰዎች በማዕዘን ባዘነበለ ማስቀመጫ ላይ ግማሽ ብቻ ከፍተው ከላይ በካሜራ ያነሡታል።

እዚህ ላይ አንድ የማልታገሠው ጉድለት አለ። በጅምላ በተሠሩ ብዙ ስካኖች ውስጥ ታጥፈው የገቡት ካርታዎችና ግራፎች ሳይዘረጉ ታልፈዋል። ገጹን ስትከፍቱ የታጠፈ ወረቀት ጀርባ ይታያል፣ ያው ነው። ለሌላ ዓይነት መጽሐፍ ትንሽ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ለዋልታ ዘገባ ግን የጉዞው መሥመር፣ የበረዶው ዳርቻ፣ የመግነጢሱ መዛግብት ያሉት እዚያው እጥፋቱ ውስጥ ነው። ይህን ዘርግቶ ለማንሣት ጊዜና ትልቅ ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ ጊዜውን አለመስጠት መጽሐፉን ግማሽ አድርጎ ማስቀረት ነው።

ቀጥሎ መጠኑ ይመጣል። አንድ ኤፎር ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) በሙሉ ቀለም ሳይጨመቅ ቢቀመጥ ወደ 26 ሜጋባይት ይሆናል። 500 ገጽ ያለው መጽሐፍ 13 ጊጋባይት ማለት ነው። ይህ ለማስቀመጫ ትክክል ነው፤ ዋናው ቅጂ መጨመቅ የለበትም። ለአንባቢ ግን ሌላ ቀለል ያለ ቅጂ መዘጋጀት አለበት። የዚሁ መጽሐፍ ጽሑፍ ብቻውን ቢወጣ ከ2 ሜጋባይት አይበልጥም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኮዬ ፈጬ ከተማሪዎች ጋር በምናነብበት ክፍል አንዷ ተማሪ የ1880ዎቹን አንድ የአሜሪካ የዋልታ ዘገባ ለማውረድ ሞክራ የሌሊት ፓኬጇ መሐል ላይ አለቀባት። ማግስቱን ስልኳን ዘርግታ «ቲቸር፣ ይሄ መጽሐፍ ነው ወይስ ፊልም?» አለችኝ። እዚያው ገጽ ላይ ወደ ታች ወርደን የጽሑፍ ፋይሉን አገኘነው፤ ወዲያው ወረደ። ደስታዋ ግን ብዙም አልቆየም። የሙቀት ሰንጠረዡ ጋ ስትደርስ ዓምዶቹ ተደበላልቀዋል። ከምስሉ ጋር ስናስተያየው ከዜሮ በታች 31.5 ፋረንሃይት የሚለው ልኬት የመቀነስ ምልክቱ ጠፍቶ፣ 1 ቁጥር የላቲኑ ኤል ሆና፣ 5 ቁጥር ደግሞ ኤስ ሆና ተጽፋለች። «እና የቱን ልመን?» አለች። ምስሉን እመኚ አልኳት። የመቀነስ ምልክቷ ከወደቀች ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረ ብርድ ውሃ ወደሚረጋበት ዜሮ ገደማ ይመጣል፤ አንድ ጭረት 35 ዲግሪ ያሞቃል ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ምስልን አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ሶፍትዌር፣ ኦሲአር የሚባለው፣ የፊደሉ ቅርጽ ሲያጠራጥረው ከቃላት ልማድ ስለሚገምት ነው። የተበላሸ ቃልን ከጎረቤቶቹ ይገምታል፤ ቁጥር ግን ጎረቤቱን አይመስልም። በዚያ ላይ ብዙ የድሮ የጀርመን መጻሕፍት የታተሙበት ፍራክቱር የሚባለው ማዕዘናማ የፊደል ዓይነት ብዙ ፊደላቱ ስለሚመሳሰሉ ያሳስተዋል፤ በእጅ የተጻፈ የመርከብ መዝገብማ ከነጭራሹ ሌላ ፈተና ነው። ስለዚህ ሰንጠረዥ በሰው እጅ መግባት አለበት፤ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ያስገቡትና ኮምፒውተሩ ልዩነቱን ያወጣል። በ2010 የተጀመረው «ኦልድ ዌዘር» የተባለ ፕሮጀክት ይህን ለሕዝብ አደለው፤ በጎ ፈቃደኞች ከየቤታቸው የመርከብ መዝገብ ምስል እየከፈቱ የአየር ግፊትና የሙቀት ቁጥሮችን ጻፉ። ከነዚያ መዝገቦች መካከል የጃኔት መርከብ አለበት። መርከቧ በ1879 በአርክቲክ በረዶ ተይዛ በ1881 ሰጠመች፤ ከ33 ሰዎች 20ዎቹ ሞቱ፤ የአየር ሁኔታ ልኬት ያለባቸው መዝገቦች ግን ተርፈዋል። እንዲህ የተሰበሰበ የአየር ግፊት ቁጥር ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ የነበረውን የዓለም አየር ሁኔታ በኮምፒውተር መልሶ ለማስላት ይገባል፤ የጃኔት ሠራተኞች ያነበቡት ባሮሜትር ዛሬም ይሠራል።

ቁጥሩ በትክክል ከገባ በኋላ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ይህ ክፍል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሩሲያ እስከ 1918 ድረስ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ትጠቀም ስለነበር የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀኖቿ ከሌላው አውሮፓ በ12 ቀን ወደኋላ ናቸው። ሩሲያውያን በሳይቤሪያው የለና ወንዝ ዴልታ ላይ የመዘገቡትን ከግሪሊ መዝገብ ጋር ሳያስተካክሉ ማጋጠም ሁለት የተለያዩ ሳምንታትን እንደ አንድ መቁጠር ነው። የፈረንሳይ ካርታዎች ኬንትሮስን ከፓሪስ ይቆጥሩ ነበር፤ ግሪንዊች የጋራ መነሻ እንዲሆን የተወሰነው በ1884 ነው። ግፊት በኢንች ሜርኩሪም በሚሊ ሜትርም ይጻፋል። «6 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ልኬት በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ ምን እንደሚፈጠር አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ አገር ሰው ጋር ቀጠሮ ይዞ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ስለዚህ ከምስሉ ጋር መታወቂያው ይሠራል፦ ማን ለካ፣ የት፣ መቼ፣ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር፣ በየትኛው መሣሪያ። ባለሙያዎቹ ሜታዳታ ይሉታል። መታወቂያ የሌለው ስካን በፍለጋ አይገኝም፤ የማይገኝ ነገር ደግሞ የለም።

ስለማቆየት አጭር ነገር ልበል። ሃርድ ዲስክ ይሞታል። መብራት ድንገት ሲሄድ ግማሹ ብቻ የተጻፈ ፋይል ይቀራል፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ለዚህ መላው ሁለት ነው። አንደኛው ቢያንስ ሦስት ቅጂ መያዝ፣ አንዱን ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ማስቀመጥ። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ የሚሰላ አሻራ መውሰድ ነው፤ ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትቀየር አሻራው ሙሉ በሙሉ ይለወጣል፣ ስለዚህ በየጊዜው እያስተያዩ የተበላሸውን ከጤነኛው ቅጂ መተካት ይቻላል። በ1973 ተጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያነሣው ሥራ ቅጂው እዚህም በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪልም እንዲቀመጥ ያደረገው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ፊልሞቹ ዛሬ ወደ ዲጂታል ተቀይረው ይታያሉ።

የቅጂ መብቱ ጉዳይስ? በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። በአሜሪካ የድሮ ኅትመቶች ከታተሙበት ጀምሮ እስከ 95 ዓመት ሊጠበቁ ይችላሉ። የ1880ዎቹ ዘገባዎች እንግዲህ የሕዝብ ሀብት ናቸው። ችግሩ ያለው መሐሉ ላይ ነው፤ ከ1930ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የታተሙት፣ የእኛ ኦብዘርቫቶሪ የተወለደበትን የጂኦፊዚክስ ዓመት ቅጾች ጨምሮ፣ ብዙዎቹ በጥበቃ ሥር ናቸው፤ ባለመብቱ ማን እንደሆነ የማይታወቅም አለ። ይሁንና አዋጃችን ራሱ ደረቅ መረጃ በቅጂ መብት እንደማይጠበቅ ይናገራል። ገጹን ሳይሆን የሙቀቱን ቁጥር አውጥቶ ማካፈል ይቻላል። በሕዝብ ገንዘብ የተለካ ልኬት ደግሞ ከነገጹ መከፈት አለበት ብዬ አምናለሁ።

በስልክ ብቻ ሊሠራ የሚችል ብዙ ነገር አለ። የመርከብ መዝገብ የሚያስገቡ የበጎ ፈቃድ መድረኮች ከአንድ ገጽ ምስልና ከትዕግሥት በላይ አይጠይቁም። በሰበታም በሱሉልታም፣ በትምህርት ቤት ወይም በእርሻ ጣቢያ የተጻፈ የድሮ የዝናብ መዝገብ በእጁ ያለ ሰው ካለ ደግሞ ከመበላሸቱ በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ከጥላ ራቅ ብሎ እያንዳንዱን ገጽ ከነጠርዙ ያንሣው። ባዶ የሚመስሉትን ገጾችና የሽፋኑን ውስጥም አይዝለል፤ መለኪያው መቼ እንደተሰበረ ወይም ከጣሪያ ሥር ወደ ሜዳ መቼ እንደተዛወረ የምትናገር አንዲት መሥመር እዚያ ልትኖር ትችላለች፤ ያቺ መሥመር ከሌለች ተመራማሪው የዝናቡን ለውጥ ከመለኪያው ለውጥ መለየት አይችልም።